ገበሬው ግን ቀ…

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎንደር ለሚጓዝ ሰው ወረታ መገንጠያ ናት። ወደ ቀኝ የታጠፈ ደብረ ታቦርንና ጋይንትን አልፎ ወሎ ይገባል፤ ቀጥ ብሎ የሄደ በአዲስ ዘመን በኩል ጎንደርን ያያል። ወደ ግራ ዓይኑን የጣለ ደግሞ የፎገራን ሜዳ ያገኛል። ሜዳው እስከ ጣና ዳርቻ የተዘረጋ ነው። ከጉና ተራራ ወገን የሚነሡት ርብና ጉማራ ለዘመናት አፈር ተሸክመው እየመጡ አንጥፈውታል፤ በየክረምቱም የሰጡትን አፈር ሊጎበኙ ተመልሰው ይመጡበታል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በፎገራና በሊቦ ከምከም ብዙ ሺህ ሰው ከቤቱ ያፈናቀለው ጎርፍ ዛሬም ይወሳል። ውሃ የማይፈራው ሩዝ በደርግ ዘመን በሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች እጅ ተሞክሮ ከገባ ወዲህ ሜዳው ከጎርፉ ጋር የታረቀ ይመስላል። «ይመስላል» ማለቴ ሩዝንም ቢሆን ከልኩ ያለፈ ውሃ ስለሚወስደው ነው።

ታሪኬ የሚጀምረው ከአንዲት ቃል ነው፤ «ነው» ከምትባል ባለ ሁለት ፊደል ቃል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስሙን በማልጠራው አንድ አበዳሪ ተቋም ውስጥ እሠራ ነበር። የተበዳሪዎች መዝገብ ከአሮጌው ኮምፒውተር ወደ አዲስ ሥርዓት እንዲዛወር ታዘዘ። በመዝገቡ ውስጥ በእያንዳንዱ ተበዳሪ ስም ትይዩ «አስተያየት» የሚል ዓምድ ነበረ። የመስክ ሠራተኞች ያዩትንና የሰሙትን ለዓመታት በአማርኛ ሲጽፉበት ኖረዋል፤ ማሳው ከየትኛው ወንዝ ዳር እንደ ሆነ፣ በሬው መቼ እንደ ሞተ፣ ዋሱ ማን እንደ ሆነ። አንዳንዱ ሁለት ቃል ነው፤ አንዳንዱ ደብዳቤ ያህላል። ዝውውሩ በአንድ ሌሊት ተፈጸመ። በማለዳ ስንገባ ሥራው ያለ ምንም ስሕተት መጠናቀቁን የሚያበሥር መልእክት መስኮቱ ላይ ጠበቀን። ደስ አለን፤ ቡናም ጠጣንበት።

ሁለት ወር ያህል ቆይቶ አንድ አዛውንት ገበሬ መጡ። ማሳቸው በርብ ዳር ነው። ስማቸው «ለመክፈል ፈቃደኛ ካልሆኑ» ሰዎች ዝርዝር ውስጥ ገብቶ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደርሷቸዋል። ደብዳቤውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «ልጄ፣ እኔ እኮ እከፍላለሁ ነው ያልኳችሁ። ሩዙን ውሃ ወሰደብኝ፤ ጓያው ሲደርስ እከፍላለሁ አልኩ። አልከፍልም ያለው ማን ነው?» አሉኝ።

«አባቴ፣ እስኪ ይቀመጡ፤ መዝገቡን ልየው» ብዬ ከፈትኩት። ረዘም ካለው አስተያየት የመጨረሻው ይህ ነበር፦

«ሩዙ በጎርፍ ተወስዷል። ቀነ ገደቡ ካለፈ ቆይቷል። በአካል አግኝተን አነጋግረነዋል፤ ለመክፈል ፈቃደኛ»

ከዚህ በኋላ ምንም የለም። አራት ነጥብ እንኳ የለም። ከላይ ተቀምጦ ይህን ያነበበው ሰው፣ የጎደለ ዐረፍተ ነገር መሙላት እንደ ለመደ እንደ ማናችንም ሁሉ፣ የጎደለውን ሞላ። የሞላውም «አይደለም» በሚለው ነበር።

ፈረንጅ ቢሆን ኖሮ ይህ አደጋ እንዲህ አይከፋም ነበር። እንግሊዝኛ ግሡን ገና ከባለቤቱ አጠገብ ይናገራል፤ እምቢታውንም እሺታውንም ቀድሞ ያውጃል፤ ከቀኝ በኩል ቢቆረጥ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ ጊዜና ቦታ ነው። አማርኛ ግን ዳኛ ነው፤ ምስክሩን ሁሉ አሰልፎ፣ ምክንያቱን ሁሉ ዘርዝሮ፣ ፍርዱን በመጨረሻው ቃል ይሰጣል። ማን እንዳደረገው፣ ተደረገ ወይስ አልተደረገም፣ ሁሉም በማሰሪያ አንቀጹ ውስጥ ነው። የዐረፍተ ነገራችንን ጫፍ የሚቆርጥ ፍርዱን ይቆርጣል።

ነገሩ እንዴት እንደ ሆነ ያስረዳኝ የኮምፒውተር ባለሙያ የሆነ ወዳጄ ነው። ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቁጥሩም ባይት በሚባሉ ጥቃቅን ቦታዎች ውስጥ ይቀመጣል። የእኛ ፊደል ዓለም አቀፍ ቁጥሩን ያገኘው ዩኒኮድ የሚባለው የፊደላት መዝገብ በ1999 እ.ኤ.አ. እትም 3.0ን ባወጣ ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት የአማርኛ ሶፍትዌር ሁሉ የግዕዙን ፊደል በላቲኑ ፊደል ቁጥር ላይ እንደ ፈቀደው ይደርበው ነበርና ባንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የላቲን ፍርስራሽ ሆኖ ይታይ ነበር። (የዚያን ዘመን ዲስኬት በመሳቢያው የቀረችው አንባቢ ሐዘኔን ይረዳልኛል።) በዩኒኮድ ግን ሀ ቁጥር 4608 ሆነ፤ ቀ 4672፤ ቃልን ከቃል የምትለየው ሁለት ነጥብ ሳትቀር 4961 ተሰጣት።

ይህን ቁጥር ወደ ባይት የሚለውጠው፣ ዛሬ በዓለም የተስፋፋው ስልት ዩቲኤፍ 8 ይባላል። ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ የተባሉ ባለሙያዎች በ1992 እ.ኤ.አ. ያበጁት ነው። በዚህ ስልት የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ይበቃዋል፤ ግሪክ፣ ዕብራይስጥና ዐረብኛ ሁለት ሁለት ይወስዳሉ፤ ቁጥሩ ከ2047 ያለፈ ግን ሦስት ይጠይቃል። የሴም ዘመዶቻችን ዕብራይስጥና ዐረብኛ በመዝገቡ ላይ ቀድመው ስለተሰለፉ በሁለት ሲስተናገዱ፣ ግዕዝ በሦስት ተስተናገደ። በደል ነው ብዬ አልከስስም። የወረፋ ነገር ነው፤ እኔም በመስኮት ኋላ የምቀመጥ ሰው ነኝና ወረፋን አውቃለሁ።

እንግዲህ የአሮጌው መዝገብ ዓምድ በፊደል ይቆጥር ነበር፤ የአዲሱ በባይት ይቆጥራል። «255 ይይዛል» የሚለው ቃል በሁለቱም ላይ አንድ ነው። በእንግሊዝኛ ለሚጽፍ ሰው ልዩነቱ አይታይም። ለእኛ ግን 255 ባይት ማለት ክፍተቱን ሳንቆጥር 85 ፊደል ነው። ሁለት እጁ ውጭ ይቀራል ማለት ነው።

ወዳጄ ይህን ሲነግረኝ አላመንኩትም ነበርና በራሴ ግጥም ሞከርኩት። ግጥሙ ከዚያ ክረምት የተረፈ ነው፤ ጥሩነቱን አልመሰክርለትም።

ርብም ሞልቶ መጣ ጉማራም ጨመረ፤
ማሳው ውሃ ሆነ ገበሬው ግን ቀረ።

ለዓይን 30 ፊደልና ሁለት ሥርዓተ ነጥብ ነው። በባይት ሲቆጠር፣ ክፍተቱንና የመስመር መለያውን ጨምሮ፣ 106 ይሆናል። 100 ባይት በሚይዝ ዓምድ ውስጥ ብናስገባው የሚቀረው ይህ ነው፦

ርብም ሞልቶ መጣ ጉማራም ጨመረ፤
ማሳው ውሃ ሆነ ገበሬው ግን ቀ

ገበሬው ግን ምን? ቀና? ቀደመ? ቀበረ? ቤት የሚደፋው ፊደል ስለጠፋ ግጥሙ ግጥም መሆኑ ቀርቷል፤ «ቀረ» የሚለው ቃል የያዘው ሁለት መንገድም፣ በማሳው ላይ ጸንቶ ቀረ ወይስ ከሰው ቁጥር ጎድሎ ቀረ የሚለው፣ አብሮ ተዘግቷል። ዓምዱን በአንድ ባይት ብናጠበው ደግሞ ይባስ ይመጣል፤ «ቀ» ራሷ ከሦስት ባይቷ ሁለቱን ይዛ ትቀርና በቦታዋ ማንም የማያነበው የተሰበረ ምልክት ይወጣል።

ይህ ነገር ወደ ቁም ጸሐፊዎቻችን አሻገረኝ። የጠበበ ዓምድ ከኮምፒውተር ጋር የመጣ ፈተና አይደለምና። ብራናው በወስፌ ተወግቶ፣ መስመሩ ተሠምሮ፣ ገጹ በሁለት ወይም በሦስት ዓምድ ከተከፈለ በኋላ ጸሐፊው ስንት ፊደል እንደሚበቃው አስቀድሞ ተወስኖበታል። መስመሩ ሲያልቅ ቃሉ ባያልቅ ምን ያደርጋል? ቃሉን ከሁለት ይከፍልና የቀረውን ወደሚቀጥለው መስመር ያወርዳል፤ ሰረዝ እንኳ አይጨምርም፤ ሁለት ነጥቧ እስክትመጣ ድረስ ቃሉ አለማለቁን አንባቢ ያውቃልና። የዓምዱ የመጨረሻ መስመር ከሆነና ጥቂት ፊደላት ከተረፉበት ደግሞ አሳንሶ ከግርጌ ይጽፋቸዋል። የዘለለው ቃል ካለ ከመስመሩ በላይ ወይም በኅዳጉ ላይ ምልክት አድርጎ ይመልሰዋል። ቃል ይከፍላል፤ ፊደል ግን አይከፍልም። ግማሽ «ቀ» በብራና ላይ አይቼ አላውቅም።

ሁለት ነጥቧን ባነሣሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። በአክሱም በዒዛና ዘመን፣ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በተቀረጹት የግዕዝ ጽሑፎች ላይ ቃልን ከቃል የምትለየው ቀጥ ያለች ጭረት ናት። በዚያው ንጉሥ ስም የተቀረጸው ግሪክኛ ግን እንደ ጊዜው ልማድ ቃላቱን ሳይለይ አያይዞ ይሄዳል። ጭረቷ በብራና ላይ ሁለት ነጥብ ሆነች፤ በታይፕና በኮምፒውተር ዘመን ደግሞ ለባዶ ክፍተት ቦታዋን ለቀቀች። ዛሬ የፕሮግራም ሰዎች ረዥም ጽሑፍ ሲበትኑ ቃላቱን የሚለይ አንድ ምልክት ይፈልጋሉ። እኛ ድሮ ነበረን። እኔ እንደማስበው በፈቃዳችን ከጣልናቸው ነገሮች አንዷ ይህች ናት፤ ባዶ ክፍተት የሚታይ ነገር ስላልሆነ ሲጠፋም አይታይም።

በጎንደር ዘመን ደግሞ የመሬት ነገር የሚመዘገበው በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ ነበር። ማን ለማን እንደ ሰጠ፣ ማን ከማን እንደ ገዛ፣ በወንጌሉ ወይም በሌላው ቅዱስ መጽሐፍ ትርፍ ቦታ ላይ ይጻፋል። በእቴጌ ምንትዋብ የተተከለችው የደብረ ፀሐይ ቁስቋም የመሬት መዝገብ ከታወቁት አንዱ ነው። ታሪክ ጸሐፊው ዶናልድ ክራሚ ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. እንዲህ ያሉ ሰነዶችን እየዞሩ ፎቶ አስነሥተው፣ በ2000 እ.ኤ.አ. ስለ መሬትና ኅብረተሰብ ባሳተሙት መጽሐፍ ተጠቅመውባቸዋል። በነዚህ ሰነዶች የምስክሮቹ ስምና «ይህን ያፈረሰ» ብሎ የሚጀምረው ውግዘት ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከመጨረሻው ላይ ነው። ቦታ ጠበበኝ ብሎ መጨረሻውን የተወ ጸሐፊ ቢኖር መሬቱን ያለ ምስክር አስቀረው ማለት ነው። እኔ በሠራሁበት ተቋም የሆነውም ይኸው ነው፤ የመስክ ሠራተኛው ምስክርነት ነበር የተቆረጠው።

የመጽሐፉም ዕጣ እንዲሁ ነው። የጸሐፊው ስም፣ ያስጻፈው ሰው፣ ዘመኑ፣ ብዙ ጊዜ በመጽሐፉ ፍጻሜ ላይ ይሰፍራል። የመጨረሻው ጥራዝ የወደቀበት መጽሐፍ ዕድሜውን አብሮ ይጥላል፤ ሊቃውንት ከዚያ በኋላ በፊደሉ ቅርጽ ይገምቱታል። ለዚህ ይመስለኛል ካታሎግ አዘጋጆች ከመጽሐፉ መነሻ ሌላ መድረሻውን የሚፈልጉት። ከእኛ ሜዳ ማዶ ባሉት የጣና ደሴቶች ኤርንስት ሐመርሽሚት በ1968 እ.ኤ.አ. የገዳማቱን መጻሕፍት በማይክሮፊልም አንሥተው የመጀመሪያውን ካታሎግ በ1973 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። በዚያው ዓመት የተጀመረው ሌላው የማይክሮፊልም ሥራ ከ9,000 የሚበልጡ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍትን አንሥቷል፤ ቅጂው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ በሚገኝ ገዳም ተቀምጧል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚያ ተቀምጠው ካታሎጉን ሲያዘጋጁ ኖረው በ2021 እ.ኤ.አ. ዐረፉ። በጥይት ተመትተው ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ከዋሉ በኋላ የሠሩት መሆኑን ሳስብ፣ እኔ በአንድ ዓምድ ላይ ያለቀስኩት ልቅሶ ያሳፍረኛል።

ወደ ኮምፒውተሩ ልመለስ። ረዥም ጽሑፍ ከዳታቤዝ ሲወጣ በአንድ ጉርሻ አይወጣም። ለምሳሌ ኦራክል በተባለው ዳታቤዝ የመደበኛው የጽሑፍ ዓምድ ጣሪያ ለረዥም ዘመን 4000 ባይት ነበር፤ በአማርኛ 1333 ፊደል። ከዚያ የሚበልጠው ለብቻው በተሠራ ጎተራ ይቀመጥና በየቁራሹ ይነበባል። ቁራሹ ሁሉ ተራ ቁጥር ባላቸው ሣጥኖች ውስጥ ይገባል፤ ባለሙያዎቹ የሣጥኖቹን ሰልፍ «አሬይ» ይሉታል፤ «ድርድር» ብለው የተረጎሙትም አሉ። በመድረሻው ሣጥኖቹ በተራቸው ተከፍተው ጽሑፉ ይገጠማል። ጥሩ ዳታቤዝ ከልኩ በላይ ሲሰጡት እምቢ ይላል እንጂ አይቆርጥም። የእኛን የቆረጠችው በሁለቱ መካከል የተቀመጠች፣ በጥድፊያ የተጻፈች ትንሽ ፕሮግራም ነበረች። ጽሑፉን በ255 ባይት እየቆረጠች በሣጥኖቹ ደርድራ፣ የመጀመሪያውን ሣጥን ብቻ አሻገረች። ሁለተኛውና ሦስተኛው ሜዳ ላይ ቀሩ። ስሕተት አልተፈጠረምና «ያለ ስሕተት» ማለቷ እውነት ነበር።

ጽሑፉን በባይት ልክ ሳይሆን በቃል መለያው ላይ መክፈል፣ ስንት ሣጥን እንደ ወጣና ስንት እንደ ገባ መቁጠር፣ የመጨረሻውን ሣጥን የመጨረሻ ቃል ከምንጩ ጋር ማስተያየት፤ ወዳጄ መድኃኒቱ ይህ ነው አለኝ። ሲነግረኝ ያሰብኩት ስለ ቤተልሔም ነበር። በዚሁ በደቡብ ጎንደር፣ በጋይንት፣ የድጓ ማስመስከሪያ ቤተልሔም አለች። ድጓ ተማሪ የትም ይማር የት፣ በመጨረሻ ወደዚያ ሄዶ ከመምህሩ ፊት ያስመሰክራል፤ የቃሉ ብቻ ሳይሆን የዜማ ምልክቱ ሳይቀር ከምንጩ ጋር ይተያያል። ያልተመሰከረለት «ተምሬያለሁ» ቢል ማን ይሰማዋል? እኛ ግን አንድ መዝገብ ሙሉ ሰው ሳናስመሰክር አሻግረን ቡና ጠጣን።

አሮጌው ኮምፒውተር ተጠርጎ ስለ ነበር የቀረው የወረቀቱ ማኅደር ነበር። ከመጋዘን አወጣነው። ከአንድ ባልደረባዬ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት እየገባን፣ እርሱ ከወረቀቱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብ እኔ ከመስኮቱ ላይ እየተከተልኩ፣ የጎደለውን እየጻፍኩ ለወራት ቆየን። ምስጥ የበላው ነበረ፤ የተቀበልነው እንጂ የሞላነው የለም። አብዛኛው የጠፋው እዚህ ግባ የማይባል ነበር፤ «ስልኩ ተቀይሯል»፣ «ቤቱ ከወፍጮው ጀርባ ነው»። ጥቂቱ ግን ሰው የሚያነሣና ሰው የሚጥል ነበር።

የአዛውንቱ ማኅደር ግን ቅዳሜን አልጠበቀም፤ እዚያው ተቀምጠው ሳሉ ነበር ያወጣሁት። በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ወደ ቀኝ ባጋደለ የቸኮለ ጽሕፈት ተጽፏል። «ለመክፈል ፈቃደኛ» ከሚለው ቀጥሎ፣ «ነው፤ ጓያው ሲሰበሰብ ይከፍላል» ይላል። አራት ነጥቧም አለች።

በመዝገቡ ላይ ጻፍኩትና፣ «አባቴ፣ ተስተካክሏል» አልኳቸው።

«አንብብልኝ» አሉ።

ከመጀመሪያው ጀምሬ አነበብኩላቸው። ጎርፉን፣ ቀነ ገደቡን ዝም ብለው ሰሙ። «ይከፍላል» የሚለው ላይ ስደርስ ደብዳቤውን አጥፈው ከኪሳቸው ከተቱት።

«እስኪ መጨረሻይቱን ድገማት» አሉኝ።